ከማዶ ያለው ጥድ

ቀጸላ በየማለዳው ፊቷን ሳትታጠብ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጓሮ ትወጣና ወደ ባሕሩ ማዶ ትሳለማለች። በጣቷ ግንባሯን፣ ደረቷን፣ ግራና ቀኝ ትከሻዋን ነካ ነካ ታደርጋለች፤ ጎንበስ ብላ ቀና ትላለች፤ አለቀ። ከዚያ ጀሪካኗን አንስታ ወደ ሥራዋ ትዞራለች። ቤቷ ጅቡቲ ከተማ፣ ዋራበሌ ሰፈር ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ በቀዝቃዛዎቹ ወራት አየሩ ሲጠራ የጎዳ ተራሮች ከባሕረ ሰላጤው ማዶ እንደ ሰማያዊ ጥላ ብቅ ይላሉ። በሙቀቱ ወራት አቧራና ወበቅ ይውጣቸዋል። ታዩም አልታዩም ትሳለማቸዋለች። አጥር የምትጋራት ሐዲጃ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ቂብላሽ ተሳስቷል፤ መካ በዚያ በኩል አይደለም» እያለች ስትቀልድባት ዘመን ተቆጥሯል።

ልማዱ የእናቷ ነው። እናቷ አሰገደች የምድር ባቡር አናጢ አግብታ ከመንዝ ወደ ጅቡቲ የወረደች ሰሞን፣ ሙቀቱ እንቅልፍ ስለነሳት ማለዳ ማለዳ ወደ ባሕሩ ዳር ትወጣ ነበር። አንድ ቀን ከማዶ የመጣ ጀልባ ግንድ ሲያራግፍ ደረሰች። ከግንዱ የተፈረከሰ ቅርፊት አነሳችና አሸተተችው፤ እዚያው አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ጥድ ነበር። ከየት እንደመጣ ብትጠይቅ ጀልበኞቹ ወደዚያ ሰማያዊ ጥላ ጠቆሟት።

በአሰገደች አገር ጥድ የሚበቅልበት ቦታ የታወቀ ነው። መጥረቢያ ያልነካው ጥድ የሚገኘው በደብር ቅጥር ብቻ ነው። መንገደኛ ከሩቅ ጠቆር ያለ የጥድ ደን ሲያይ የየትኛው ታቦት እንደሆነ ሳይጠይቅ ከበቅሎው ይወርዳል። ስለዚህ አሰገደች ሳታመነታ ፈረደች፤ ጥድ ካለ ደብር አለ።

«ኧረ አንቺ ሴት» አላት ባሏ፤ «እዚያ ያሉት አፋሮች ናቸው። እስላም ናቸው። ከጥንት ጀምሮ!»

«ታዲያ ጥዱን ማን ጠበቀው?» አለችው።

አሰገደች እስክትሞት ድረስ ወደ ማዶ ተሳለመች፤ ቀጸላም ሕፃን ሆና እጇን በእናቷ እጅ እየተመራች ተማረችው። አድጋ ነገሩ ስህተት መሆኑን ስታውቅም አልተወችውም። ደብር እንደሌለ ታውቃለች። ግን እጅ አንዴ የለመደውን መች ይተዋል።

ቀጸላ የሸራ ሰፊ ናት። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ጭነታቸውን የሚያለብሱበት ሸራ በነፋስና በገመድ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ሸራ ይዞ ማዳበሪያ ወይም ስኳር የጫነ ሾፌር ደግሞ እንቅልፍ የለውም። ከነፃ የንግድ ቀጠናው ወዲህ መኪኖቹ ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የጆንያ መርፌና ሲባጎ ይዛ ትቀመጣለች። ሸራው ትልቅ ስለሆነ ወደ ራስ ስቦ መስፋት አይቻልም፤ እሷው ላዩ ላይ ትወጣበታለች። እየተንፏቀቀች፣ እንደ አራሽ ከዳር እስከ ዳር ትሰፋለች። ሞተር ይጮኻል፣ ጥሩምባ ይጮኻል፣ ረዳት ሾፌሩን ይሳደባል፣ ሾፌሩ ረዳቱን። ቤት ስትገባ ደግሞ ራዲዮ፣ የሐዲጃ ልጆች፣ የጎረቤት ጀነሬተር። አንድ ቀን እንኳ ብቻዋን ሆና አታውቅም። ያደገችው ባንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ያገባችውም፣ የወለደችውም፣ ባሏን የቀበረችውም ከአንድ ክፍል ወጥታ ወደ ሌላ አንድ ክፍል እየገባች ነው።

ነገሩ የጀመረው በስፌቱ ነው። ጌቾ የሚባል የድሮ ደንበኛዋ፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጣላ ወፍራም ሾፌር፣ ያሰፋውን ሸራ አንጠልጥሎ ተመለሰ።

«እትዬ ቀጸላ፣ ይኼ ስፌት ምንድን ነው? እንደ ጋላፊ መንገድ እኮ ነው! ጉድጓድ ባለፈ ቁጥር ሌላ ጉድጓድ።»

«አንተ ደግሞ ስትተኛበት ቀድደኸው ነው።»

«እኔማ ብተኛበት ሸራው ሳይሆን መኪናው ነበር የሚቀደደው። ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?»

ሳቀችለት። ሸራውን ወስዳ በጣቷ ስትዳብሰው ግን መርፌዋ ቀዳዳውን ስቶ ደህናውን ጨርቅ ሲወጋ እንደነበር አወቀች። ከዚያ በፊትም ምልክት ነበረ። ከጎኗ ያስቀመጠችውን ውሃ እየደፋች፣ የቤቷ ደፍ እያደናቀፋት፣ ከዳር የሚመጣ ሰው ድንገት ከመሬት እንደበቀለ እያስደነገጣት ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በፈረንሳይኛ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ወደ ሶማሊኛ ዞረ። የዓይኗ ግፊት ነርቩን በልቶታል። እይታዋ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል ይጠብባል። ጠብታው ያዘገየው ይሆናል እንጂ የሄደው አይመለስም። «አንድ ነገር እንዲገባሽ እፈልጋለሁ» አላት፤ «ዘግይተሻል።» የቀራት ምን ያህል እንደሆነ ስትጠይቀው ወደ መስኮቱ አየ።

ለልጇ ለሊሊ፣ «ድርቀት ነው፤ ጠብታ ሰጡኝ» አለቻት።

ሊሊ አንድ ልጇ ናት። ቡላኦስ ሰፈር ስልክ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች፤ ፈጣን ናት፣ ተናጋሪ ናት፣ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች። ድሬዳዋ ካለው እጮኛዋ ከኢዮስያስ ጋር ሠርጋቸው ተቆርጧል፤ ከጥምቀት በኋላ ትሄዳለች። እናቷ እየታወረች መሆኑን ብታውቅ እንደማትሄድ ቀጸላ ልክ ስሟን እንደምታውቀው ታውቃለች። ሻንጣዋን ፈትታ ልብሷን ወደ ሳጥኑ ትመልሳለች፤ ለኢዮስያስም «ትንሽ ቆይ» ትለዋለች፤ ትንሹም ዕድሜዋን ይበላዋል። ስለዚህ ቀጸላ ዝም አለች።

ዝም ብላ ግን አንድ ነገር ተመኘች። ያን ተራራ ልታየው። ከሩቅ አይደለም፤ ልትረግጠው፣ ጥዱ መሐል ልትገባ። ብቻዋን ደግሞ። ዕውር ሰው ብቻውን አይሆንም፤ የሚይዘው ክንድ፣ የሚመራው ሰው፣ «ደረጃ አለ፣ እግርሽን አንሺ» የሚለው ድምፅ አይለየውም። በሕይወቷ ያላገኘችው ብቸኝነት በሩ ሊዘጋ ነው። ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጠዋት፣ ማንም እጇን ሳይዛት፣ በገዛ ዓይኗ እያየች በእግሯ ልትሄድ ፈለገች።

ለሾፌሮቹ ስትነግራቸው ሜዳው በሳቅ ሞላ።

«ሰው ተራራ የሚወጣው እኮ ወይ ጠላት ሲመጣበት ነው፣ ወይ ፍየል ሲጠፋበት» አለ ጌቾ። «የቱ ነው ያንቺ?»

«አየር ልቀበል ነው።»

«አየር? ከዚህ እስከ አዋሽ በመስኮት ገብቶ የሚደበድበኝ ምንድን ነው? ነይ እኔ ጋ፣ በነፃ እሰጥሻለሁ!»

ሊሊ ግን አልሳቀችም። «እማ፣ የምሄደው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የቀሩንን ቀናት አፋር ተራራ ላይ ልታሳልፊ?»

«ሦስት ቀን ነው።»

«ከኔ ጋር የሚቆጠሩት ቀኖች ናቸው እኮ! ምን ፍለጋ ነው? አያቴ ያሰበችውን ደብር? ደብር እንደሌለ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ቀጸላ መልሱን ብትናገር ሁሉም ይወጣል። «እኔ ፈቃድ የምጠይቅ ሕፃን አይደለሁም» አለችና ፊቷን አዞረች። ልጅቷ ከማልቀስ ያመለጠችው በር በመወርወር ነው። ቀጸላ ስትወጣም ቻው አልተባባሉም።

ወደ ታጁራ በጀልባ ተሻገረች። ከታጁራ ዱቄትና ውሃ በጫነች ቶዮታ ኋላ ተቀምጣ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተንገጫገጨች ወጣች። እየወጡ ሲሄዱ አየሩ ከቆዳዋ ላይ እየተላቀቀ፣ ከዚያም እየቀዘቀዘ መጣ፤ ነጠላዋን በእጥፍ ደረበች። በዕድሜዋ ሙሉ ጅቡቲ ውስጥ በርዷት ያውቅ እንደሆነ ለማስታወስ ሞክራ አልተሳካላትም። ተራራው ላይ ባለች መንደር ውስጥ በሰሌን ከተሠሩት ጎጆዎች በአንዱ አሳደሯት። እንዲመራት የተሰጣት ሰው ዓብዱልመጂድ የሚባል አፋር ሽማግሌ ነው፤ በወጣትነቱ የአሰብ መስመር መኪና ላይ ረዳት ስለነበረ አማርኛ ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን የሾፌር አማርኛ ነው፣ ስድቡ ከሰላምታው ይበዛል።

«ያንቺ ሥራ ሐኪም ነው?» አላት ጠዋት ሲነሱ።

«አይደለም።»

«ወፍ ፈላጊ ነሽ? ፈረንጆች ወፍ ፍለጋ ይመጣሉ። ቆቅ ነው የሚፈልጉት። እኛ ስንበላው የኖርነውን ቆቅ!»

«ስለ ጥዱ ነው የመጣሁት። ጥዱን ላየው።»

አፋሩ በትሩን አነሳና ፊት ፊት ሄደ።

መንገዱ ቀጭን ነው፤ የፍየል መንገድ። ቀጸላ ፊት ለፊቷ ያለውን ታያለች፣ እግሯ ሥር ያለውን ግን ለማየት አንገቷን እንደ ጸሎተኛ መድፋት አለባት። ሁለት ጊዜ ተደናቀፈች። ዓብዱልመጂድ ዞሮ እጁን ሲዘረጋላት፣ «ተወው፣ ራሴ» አለችው። ደስ ብሏታል። ድምፅ የለም። ሞተር የለም። የራሷን ትንፋሽ ሰማች፤ የሌላ ሰው መስሏት ዞር ብላ አየች።

ከአንድ አፋፍ ማዶ ወደ ጫካው ገቡ። ቀጸላ ቆመች።

ሁሉም ግራጫ ነበር። ግንዱ ግራጫ፣ ቅርንጫፉ ግራጫ፣ መሬቱም። ዓይኖቿን ጨፍና ገለጠች። ከጉያዋ ጠብታዋን አውጥታ ቆማ አንጠባጠበች፤ ጠበቀች። ግራጫ። ሐኪሙ ቀለም ሊደበዝዝ እንደሚችል ነግሯት ነበር። ዛሬ ነው ማለት ነው፤ በዚህ ቀን፣ እዚህ ደርሳ።

«ዓብዱልመጂድ» አለች፤ ድምፅዋ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀች፤ «ይኼ ዛፍ ምን ቀለም ነው?»

«የቱ?»

«ይኼ። ሁሉም።»

«ምን ቀለም አለው? ሞቷል እኮ።»

ቀረብ ብላ ነካችው። ቅርፊት የለውም፤ እንደ አጥንት ልሙጥ ነው። ከዚያኛው ሄደች፤ እሱም። ሽማግሌው ከኋላዋ ያወራል። ልጅ ሆኖ ጫካው ጭልም ያለ እንደነበረ፣ ፍየል ከገባ በድምፁ እንጂ በዓይን እንደማይገኝ፤ ጉሙ ማለዳ ማለዳ ከባሕር ወጥቶ ዛፎቹን ያጠጣ እንደነበረ፤ አሁን ጉሙም እንደ ድሮው እንደማይመጣ፣ ዝናቡም፤ ከብቱም እንደበዛ፣ መጥረቢያውም። «አንዳንዱ ከታች ትንሽ አረንጓዴ አለው» አለ። «እሱም ሙሉ ዛፍ አይሆንም።» ይህን ሲል እንደ ሐኪሙ ወደ ሌላ ቦታ አየ።

ዓይኗ አልነበረም እንግዲህ። ለአንድ አፍታ ደስ አላት፤ ከዚያ በምን ደስ እንዳላት ስታየው አፈረች።

ወደ ውስጥ ስትዘልቅ ከሞቱት ጥዶች መሐል ክብ የድንጋይ ካብ አገኘች። ክብ ነው፤ በር አለው፤ ልክ ደብር መሆን ባለበት ቦታ፣ በጥዱ ደን መሐል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«በረት ነው። የአባቴ የፍየል በረት።»

ቀጸላ ሳቀች። ሳቋ አልቆም አላት፤ ካቡ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሽማግሌው ግራ ሲጋባ ነገረችው፤ ስለ እናቷ፣ ስለ ግንዱ፣ ስለ መንዝ ጥድ፣ ሁለቱ ሴቶች ከማዶ ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደዚህ እንደተሳለሙ። ዓብዱልመጂድ በትሩን ተደግፎ በትኩረት ሰማት።

«ለካ!» አለ በመጨረሻ። «የአባቴ ፍየሎች ለምን መንታ መንታ ይወልዱ እንደነበር መንደሩ ሁሉ ጠይቆ መልስ አጥቶ ነበር!»

እሱም ሳቀ። ከዚያ ሰላቱ ደርሶ ስለነበር፣ «ከዚያ አፋፍ ላይ ነኝ» ብሏት ሄደ። ብቻዋን ቀረች።

የፈለገችው ይህ ነበር። ሊሊን አኩርፋ፣ ሾፌሮቹን አስቃ፣ ባሕር ተሻግራ የመጣችው ለዚህ ነው። ነፋሱ በደረቁ ቅርንጫፎች መሐል ሲያልፍ ያልታሰረ ሸራ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ተነስታ መሄድ ጀመረች። ከግንድ ወደ ግንድ፣ እያንዳንዱን እየዳሰሰች፤ አንዱ ላይ ከሥሩ ጠጋ ብሎ የእጅ መዳፍ የሚያህል አረንጓዴ አገኘችና ጎንበስ ብላ አሸተተችው። የእናቷ ሽታ መስሏት ነበር። የሸተታት ግን አቧራ ነው። ቢሆንም ሄደች። የሚጠራት የለም፤ የሚጠብቃት የለም፤ ለጥቂት ጊዜ ዕድሜዋንና ዓይኗን ረስታ ሄደች።

ቀና ስትል መንገዱ የለም። ዞር አለች፤ ካቡም የለም። ጠባብ ሆኖ ከቀራት ዓይን ፊት ለፊት ሁሉም ግንድ አንድ ዓይነት ነው። ወደ ግራ ሄደች፤ እግሯ ባዶ ረገጠ፤ ድንጋይ ከሥሯ ተንከባሎ ሄዶ፣ ሄዶ፣ ቆይቶ ነው የወደቀበት ድምፅ የተሰማት። ገደሉ ከጎኗ ነበር። ከጎኗ ያለውን ደግሞ ዓይኗ አያይም። መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ በሁለት እጇ ሣር ጨበጠች። ሣሩም ደረቅ ስለሆነ እጇ ላይ ቀረ።

ላለመጣራት ታገለች። ይህ ጠዋት የእሷ ነበር። በእጇ እየዳበሰች ልትንፏቀቅ ሞከረች፤ ሸራ ላይ እንደምትንፏቀቀው። ሸራ ግን ዳርቻው ገደል የለውም።

«ዓብዱልመጂድ!» ብላ ጮኸች። መልስ የለም። «ዓብዱልመጂድ! ወንድሜ!»

ሲደርስ እየሮጠ ነበር፤ እንደ ቀድሞው ረዳትነቱ በአማርኛ እየተሳደበ። ገደሉን አየ፤ እሷን አየ፤ ፊቱን አጠገቧ አድርጎ ወደ ዓይኖቿ ተመለከተ። ከዚያ ሁሉ ገባው፤ ስድቡን አቆመ። ምንም ሳይጠይቅ እጇን ያዘ።

«እዚህ ድንጋይ አለ» አላት። «እግርሽን አንሺ።»

እስከ መንደሩ ድረስ አልለቀቃትም። እሷም እንዲለቃት አልጠየቀችም።

ሊሊ በቀጠሮዋ ሄዳ ተዳረች። ቀጸላ ለሠርጉ ወደ ድሬዳዋ ስትሄድ በሙሽራዋ ደስታ መሐል መደናቀፏን ማንም ልብ አላለም። ነገሩ የታወቀው ከወራት በኋላ፣ ጌቾ ሜዳው ላይ መርፌዋን ስትፈልግ አይቷት ለሊሊ ደውሎ በነገራት ጊዜ ነው። ያኔ ሊሊ ነፍሰ ጡር ነበረች። አሁን የጆንያ መርፌው ሌላ ሰው እጅ ላይ ነው፤ ቀጸላን በየማለዳው ወደ ጓሮ የምታወጣት ሐዲጃ ናት፤ ቂብላዋን የምታሳያትም እሷው ናት። ተራራው መድረቁን፣ በረቱን፣ ገደሉን፣ ሁሉንም ላገኘችው ሰው ትናገራለች፤ ሳቅ እንኳ ትጨምርበታለች።

ለሊሊ እንዳይነገር ሰሚውን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከታጁራ የተመለሰች ቀን ሊሊ ኩርፊያዋን ዋጥ አድርጋ ወደብ ድረስ መጥታ ነበር። ከጀልባው መውረጃ ዳር፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆማ፣ እናቷ ቀድማ እንድትስማት ጠበቀች። ቀጸላ ፊት ፊቷን እያየች በአጠገቧ አለፈች። ልጇ ስታለቅስ የሰማችው ከኋላዋ ነው፤ የማን ልቅሶ እንደሆነም ወዲያው አወቀች። ዞራ፣ «አላየሁሽም» ብትላት ሻንጣው ያንለት ይፈታ ነበር። ሊሊ ደርሳባት ቦርሳዋን ከእጇ ተቀበለቻትና፣ «ዛሬም እንዳኮረፍሽ ነሽ፣ እማ?» አለቻት።

«አዎ» አለች ቀጸላ፤ «እንዳኮረፍኩ ነኝ።»